ሰልፍ

አንዳንድ ቃል እንደ ሰው ኑሮው ይለዋወጣል። “ሰልፍ” ድሮ ጦርነት ማለት ነበር፤ የቆየ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያለው ገልጦ ይየው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ደግሞ ሰልፍ አቤቱታ ሆነ። የነዳጅ ዋጋ በአንድ ጊዜ ግማሽ ያህል ቢጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ። መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ አድማ መቱ። መንግሥት ከጭማሪው ጥቂት ቀነስ ቢያደርግም ነገሩ ረፍዶ ነበር፤ ወሩ ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ደርግ ሲመጣ ሰልፍ ወደ ቀበሌ ሱቅ ገባ። ለስኳር፣ ለሳሙና የራሽን ካርድ ይዞ ተራ መጠበቅ ሆነ።

ዛሬስ? ለታክሲ እንሰለፋለን፤ ውኃ መጣች ሲባል ጄሪካን እናሰልፋለን። እኔ ሥራ የምገባው ግማሹን ጉልበቴን ታክሲ ጥበቃ ላይ ጨርሼ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ደመወዝ ግን እንዲህ መሮጥ አይችልም።

ግሽበት ሲሰላ የጤፉ፣ የዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ ዋጋ ይመዘገባል። ሰልፍ ላይ ያለቀው ሰዓት ግን የትም አይጻፍም። ገንዘብ ያለው ጄኔሬተር ይገዛል፣ ውኃ በቦቴ ያስመጣል። የሌለው ሁለቴ ይከፍላል፦ አንዴ በብር፣ አንዴ በዕድሜው።

የ66ቱ ጥያቄ የጀመረው ከነዳጅ ብቻ አልነበረም፤ ሲጠራቀም የከረመ ነው። እናም ሰዉ ዝም ብሎ ስለተሰለፈ ተስማምቷል አትበሉ።