ለእስረኛ የመጣ ስንቅ

በሬዲዮ ስለ ጸጋ ሳስተምር፣ «መጋቢ፣ ጸጋውስ ገብቶናል፤ ፍትሕ ግን የፖለቲከኞች ጉዳይ አይደለም ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። መልሴን ከታሪክ ልጀምር፤ ያውም ሩቅ ሳልሄድ ከጎረቤታችን ከወላይታ።

በ1929 ዓ.ም. የኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሶዶን ለቀው ሲወጡ፣ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በእጃቸው የቀረው በቋንቋቸው የተተረጎመ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍሎች ነበር። ጣሊያኖች አላመኗቸውም። ጸሎት ቤት ፈረሰ፤ እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉት መሪዎች ታስረው በጅራፍ ተገረፉ። በዚያን ጊዜ እስር ቤት ቀለብ የለም፤ ዘመድ ያለው ይበላል፣ የሌለው ይራባል። አማኞቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ዘመዳቸው ላልሆነ እስረኛ፣ በጌታ ወንድማችን ነው ብለው ስንቅ ተሸክመው መጡ። ሲተርፍ ያላመነውም እስረኛ ከዚያው በላ። አገሬው ይህን አይቶ አያውቅም፤ ለባዕድ ማን ስንቅ ይቋጥራል? ጣሊያን ተባርሮ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ 10 ሺህ ገደማ አማኝ ቆያቸው። እኛ ጴንጤዎች ይህን ስንተርክ ቶሎ የምናነሣው ምልክትና ድንቁን ነው። እኔም በዚያ አምናለሁ፤ ስንቁን ግን አንርሳው።

በአንጾኪያም ነገሩ የተፈተነው በገበታ ላይ ነው። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ተለየ። በርናባስ እንኳ ተከተለው! ልብ በሉ፣ ጴጥሮስ በቃሉ የስሕተት ትምህርት አላስተማረም፤ ከገበታው ተነሣ እንጂ። ጳውሎስ ግን በሁሉ ፊት ገሠጸው (ገላትያ 2)።

አሁን ወደ ቱላ እንምጣ። በሲዳማ ሸክላ የሚሠሩት ሀዲቾ ወገኖቻችን ለዘመናት ተንቀው፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተከልክለው ኖረዋል። ቡናችን የሚፈላው ግን በእነሱ ጀበና ነው። «በቤተ ክርስቲያን ያ ቀርቷል» እንላለን። እውነት ነው፣ የጌታን እራት አብረን እንወስዳለን። ጋብቻ ሲመጣስ?

ከዓመታት በፊት በማገለግልበት አጥቢያ ሁለት ዘማሪዎች ሊጋቡ ፈለጉ። የልጁ አባት ሽማግሌያችን ነበሩ፤ «ዘራቸውን አጣርተናል፣ አይሆንም» አሉ። እኔ ገና ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የወጣሁ፣ የገላትያን መልእክት ጠንቅቄ የተማርኩት ሰው፣ «እንጸልይበት» አልኩ። ምኑ ነው የሚጸለይበት? ከሽማግሌው ጋር ላለመጣላት ነበር። ልጅቷ መዘምራኑን ተወች፤ ቆይታም ከጉባኤ ጠፋች።

በቅርቡ እናቷን ገበያ አገኘኋቸው፤ ጀበና ይሸጣሉ። ስለ ልጃቸው ስጠይቃቸው «ደህና ናት» ብለው ዝም አሉ። ቤታቸው መጥቼ ይቅርታ ልጠይቃት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። «እሷን ልጠይቃት» አሉኝ። መልሷን እየጠበቅሁ ነው።