ማስታረቅ የሽማግሌ፣ ማፋታት የዳኛ

አንዲት ሴት እንበል። ከዋጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ትኖራለች። በትዳር አሥራ አምስት ዓመት ቆይታለች፤ እንሰት ተክላለች፣ ቡና ለቅማለች፣ ልጆች አሳድጋለች። ትዳሩ አልሆነም። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ተመከረ፣ በመጨረሻም «ከእንግዲህ አብራችሁ መኖር አትችሉም፤ በሰላም ተለያዩ» ተባለ። አንዲት ጊደርና ጥቂት ብር ይዛ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች። መንደሩም «ተፋቱ» አለ።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ፍርድ ቤት ያልደረሰ ትዳር፣ ባልና ሚስቱ የቱንም ያህል ተራርቀው ቢኖሩ፣ በመርህ ደረጃ እንዳለ ይቆጠራል። የንብረት ድርሻዋም ገና አልተነካም። ችግሩ እሷ ይህን አታውቅም፤ ብዙ ጊዜ ሽማግሌዎቹም አያውቁም።

ሽማግሌዎቹን ለመውቀስ መቸኮል ግን ተገቢ አይደለም። የሚያደርጉት ነገር በአንድ ወቅት ሕግ ራሱ የሰጣቸው ሥልጣን ነበር። ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

◆ ከታቶው ዘመን እስከ ሰማንያ

የከፋ መንግሥት የራሱ አስተዳደር ነበረው። በላይ ታቶ የሚባለው ንጉሥ፣ ከጎኑ ሚክሬቾ የተባለው የአማካሪዎች ጉባኤ፣ በየአውራጃው ደግሞ ራሻ የሚባሉ ገዢዎች ነበሩ። ጋብቻና ፍቺ ግን፣ እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል፣ ከሁሉ በፊት የሁለት ቤተሰቦች ጉዳይ ነበር። ያጋቡት ዘመዶች ናቸው፤ ሲበላሽም የሚዳኙት እነሱው ናቸው።

በ1889 በተካሄደው ዘመቻ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከፋን ያዘ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾም ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ከማዕከል የመጣው አስተዳደር የራሱን ዳኝነትና የራሱን የጋብቻ ልማድ ይዞ ገባ። በሰሜኑና በመሀል አገር የታወቀው የሰማንያ ጋብቻ በምስክር ፊት የሚደረግ ውል ነበር፤ በንጉሥ ስም ተምሎበት ይጸናል። ሲፈርስም ንብረት ይካፈሉ ነበር። ለከፋ ገባር ግን የአገረ ገዢው ችሎት ሩቅ ነው፤ ቋንቋውም የሱ አይደለም። ስለዚህ የቤቱን ነገር በቤቱ፣ በካፊ ኖኖ፣ በዘመድ ሽማግሌ መጨረሱን ቀጠለ።

◆ የ1952ቱ ሕግ፦ ሽማግሌው ዳኛ ሲሆን

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። አርቃቂው ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ ተመለሰ። በአንቀጽ 3347 ሕጉ በያዛቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩትን ልማዶች ሁሉ ሻረ። በወረቀት ላይ የከፋም፣ የጎጃምም፣ የሲዳማም የጋብቻ ልማድ በአንድ ቀን ተሻረ ማለት ነው።

በፍቺ ላይ ግን ይኸው ሕግ ለልማድ ትልቅ በር ከፈተ። የፍቺ ጥያቄ የሚቀርበው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እንዲሆን አደረገ። የሚያስታርቁት እነሱ፣ ፍቺውን የሚወስኑት እነሱ፣ ንብረቱንም የሚያካፍሉት እነሱ ሆኑ። ፍርድ ቤት የሚገባው ሽማግሌዎቹ በጉቦ ወይም በማታለል ሲወስኑ፣ አለዚያም ውሳኔያቸው ሕገ ወጥ ወይም ግልጽ በሆነ መንገድ ከአእምሮ ውጭ ሲሆን ነበር።

የሕጉን ሌሎች ወገኖች ማየት ደግሞ ሥልጣኑ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያሳያል። የቤተሰቡ የበላይ ባል ነው። የጋራ ንብረት አስተዳዳሪም በአብዛኛው እሱ ነው። ወንድ በ18፣ ሴት በ15 ዓመቷ ማግባት ትችላለች። በስምምነት መፋታት አይፈቀድም። ያለ ከባድ ምክንያት ፍቺ የጠየቀ ወገን በንብረት ክፍፍል ሊቀጣ ይችላል። አንዲት ሴት «መሮኛል» ብላ ብትነሳ፣ ምሬቷ በቂ መሆኑን የሚመዝኑት ያጋቧት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው።

በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አዋጁ በመሬት ድልድል በወንድና በሴት መካከል ልዩነት አላደረገም። በተግባር ግን መሬቱ የሚመዘገበው በቤተሰቡ ኃላፊ፣ ማለትም በባል ስም ነበር። ስለዚህ ከትዳሯ የወጣች ሴት ከመሬቱም ትወጣ ነበር።

◆ ከ1992 እስከ 1996፦ አራት ዓመት የዘገየው መብት

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የሃይማኖት ወይም የባህል ሕግ ሊዳኛቸው የሚችለውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ እንደሆነ አስቀመጠ። ይህ ሕገ መንግሥት ከ1952ቱ የቤተሰብ ሕግ ጋር ሊሄድ አይችልም። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ ድርጅቶች ለዓመታት ተሟገቱ፤ ሰኔ 27 ቀን 1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሥራ ላይ ዋለ።

ለውጡ ግልጽ ነበር። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። የባል የበላይነት ቀረ። በስምምነት መፋታት ተፈቀደ። በአንቀጽ 117 ደግሞ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከሽማግሌ ተነሥቶ ለፍርድ ቤት ብቻ ተሰጠ።

ሆኖም አዋጁ የሚሠራው በፌዴራል መንግሥት ሥር ባሉት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነበር። ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ነበረባቸው። ከፋ በወቅቱ ያለበት የደቡብ ክልል ሕጉን ያወጣው በአዋጅ ቁጥር 75/1996 ነው። በመካከሉ ባሉት አራት ዓመታት የአዲስ አበባዋ ሴት ባሏን ለመፍታት ዳኛ ፊት ስትቆም፣ የዋጫዋ ሴት በ1952ቱ ሕግ ሽማግሌ ፊት ትቆም ነበር። አንድ ሕገ መንግሥት፣ አንድ ዜግነት፣ ሁለት ፍቺ።

የዋጫ ሽማግሌ ዛሬም ልክ እንደ ቀድሞው «ተፋታችሁ» ቢል፣ ያደገበትን ሕግ እየጠቀሰ ነው ማለት ይቻላል። ሕጉ ተለወጠ፤ መለወጡን በደንብ የነገረው ግን የለም።

◆ በችሎት ምን ይሆናል?

ዋጫ የጨና ወረዳ መቀመጫ ናት። የፍቺ ጉዳይ በመጀመሪያ የሚታየው በወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ይግባኙ ወደ ቦንጋ፣ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ለይግባኝ የተሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን 2014 ከተመሠረተና ቦንጋ ከመቀመጫዎቹ አንዷ ከሆነች ወዲህም ጉዳዩ የሚጀመረው በዚያው በወረዳ ደጃፍ ነው።

የአካሄዱን መልክ ከፌዴራሉ ሕግ ማየት ይቻላል፤ የደቡቡ አዋጅም በዋና ዋና ነጥቦቹ የተከተለው እሱን ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በስምምነት መፋታት ነው፦ ባልና ሚስት የተስማሙበትን፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት የተነጋገሩትን ጭምር፣ ጽፈው ያቀርባሉ። ዳኛው አንድ ላይም ለየብቻም ያነጋግራቸዋል። ሁለተኛው በአንድ ወገን አቤቱታ ነው፦ አቤቱታ ይጻፋል፣ መዝገብ ይከፈታል፣ መጥሪያ ይወጣል። በዚህም ዳኛው መጀመሪያ ለማስማማት ይሞክራል። ካልሆነ ራሳቸው ወደመረጧቸው ሽማግሌዎች ሊልካቸው ይችላል። ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ሁሉም ካልሠራ ፍቺው ይወሰናል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ሕጉ ሽማግሌን አላባረረም። የማስታረቁን ሥራ ለሱ ትቶለታል። የወሰደበት «ተፋታችሁ» የማለቱን ሥልጣን ነው።

ሌላው ብዙዎች የማያውቁት ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩ፣ ቀለብ ማን እንደሚሰጥ፣ ንብረቱ በማን እጅ እንደሚጠበቅ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ሊያዝ ይችላል። የደረሰ ቡና በአንድ ሳምንት ተለቅሞ ሊሸጥ በሚችልበት አገር ይህ ትእዛዝ ከዋናው ፍርድ የማይተናነስበት ጊዜ አለ።

◆ እንሰት፣ ቀፎና የጫካ ቡና

በከተማ ፍቺ የሚከፈለው ቤት፣ መኪናና የባንክ ሒሳብ ነው። በጨና የሚከፈለው ሌላ ነው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ጓሮውን የሚንከባከቡት፣ ፍቀው ቆጮ የሚያደርጉትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ የሚሰቅለውም የሚቆርጠውም ወንድ ስለሆነ «የሱ ነው» ይባላል። የጫካ ቡና ደግሞ ከአባት የወረሱት ነው ተብሎ ይነገራል።

ሕጉ ግን የሚነሣው ከሌላ ቦታ ነው። በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት። በጋብቻው ዘመን የተገኘ ገቢም የጋራ ነው፤ ማርም ቢሆን፣ ቡናም ቢሆን። የጋራው በመርህ ደረጃ እኩል ይካፈላል።

በመሬት ላይ የደቡብ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 110/1999 ትልቅ እርምጃ ነበር። የይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም፣ የሁለቱም ፎቶ ተለጥፎበት እንዲሰጥ መንገድ ከፈተ። በሳጥን ተቆልፎ የተቀመጠ ያ ደብተር ለአንዲት የገጠር ሴት ከማንኛውም ሽማግሌ ምስክርነት ይበልጣል።

◆ ወረቀት ለሌላቸው

ብዙ ትዳር በባህል ተመሥርቶ ሳይመዘገብ ይኖራል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከዚያ በፊት የተጋቡ ወረቀት ባይኖራቸው አይገርምም። ሕጉ ለእነዚህም በር አልዘጋም፤ እንደ ባልና ሚስት ሲታዩና ሲታወቁ እንደኖሩ በምስክር ማስረዳት ይቻላል።

አስቸጋሪው ሌላ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በአንድ ታዋቂ ጉዳይ፣ ለረጅም ዓመታት ተለያይተው አዲስ ኑሮ የመሠረቱ ተጋቢዎች በፍርድ ባይፋቱም ትዳራቸው እንደፈረሰ ይቆጠራል ብሏል። የሕግ ምሁራን ውሳኔውን ከአንቀጽ 117 ጋር አይሄድም ብለው ተችተውታል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ግን የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል።

ወደ መጀመሪያዋ ሴት እንመለስ። ጊደሯን ይዛ ከሄደች ገና ወራት ከሆነ ትዳሯ በሕግ አለ፣ ድርሻዋም አለ። አሥር ዓመት ዝም ካለች፣ እሱም ሌላ ካገባ፣ እሷም ሌላ ካገባች፣ ነገሩ ይከብዳል፤ «ትዳሩ የፈረሰው ያኔ ነው» የሚል ክርክር ይጠብቃታል፤ ቡናውም ቀፎውም የማን እንደነበር የሚያስታውስ ምስክር ይሞታል። ጊዜ የሚያደላው ንብረቱን ለያዘው ነው።

ስለዚህ በዋጫም፣ በቦንጋም፣ በየቀበሌው በሽምግልና የሚቀመጡ አባቶች ከምርቃቱ በፊት አንዲት ቃል ቢጨምሩ ብዙ ቤት ይድናል፦ «እኛ ማስታረቅ አቅቶናል። ደብተርሽን ያዢ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የፍርድ ቤት ነው።»