የጤና ርትዕ

የሕዝብን ጤና የሚመረምሩ ሊቃውንት «ኸልዝ ኢኩዊቲ» የሚሉትን ሐሳብ በአማርኛ አንዳንዶች «የጤና እኩልነት»፥ አንዳንዶችም «የጤና ፍትሐዊነት» ሲሉ ይጽፉታል፤ ከሁለቱ ይልቅ ግን «የጤና ርትዕ» ሐሳቡን አጥብቆ የሚይዝ ይመስለናል። ርትዕ ቀና ሆነ ማለት ከሆነው «ረትዐ» ከሚባለው የግዕዝ ግስ የተገኘ፥ በዳኞች አንደበትም ከፍትሕ ጋር ተጣምሮ ሲነገር የኖረ ቃል ነው። እኩልነት ለሁሉ አንድ ዓይነት ድርሻ ማደል ሲሆን፥ ርትዕ የተቀባዩን ጕድለት አይቶ ይበልጥ ለቸገረው አብልጦ መስጠት ነውና፥ ተሰብስቦ ለሚኖር ገበሬ የሚበቃው ጤና ጣቢያ ከብቱን ተከትሎ ለሚዘዋወረው አርብቶ አደር ላይበቃ ይችላል።

ይሁን እንጂ በሰዎች መካከል የሚታየው የጤና ልዩነት ሁሉ ርትዕ የጐደለው አይደለም፤ ሽማግሌ ከጐልማሳ ይልቅ ቢታመም የባሕርይ ሕግ ነው። ብሪታንያዊቷ ምሁር ማርጋሬት ዋይትሄድ እ.ኤ.አ. በ1990 ለዓለም ጤና ድርጅት በጻፉት ሐተታ እንዳስረዱት፥ ልዩነቱ ርትዕ የጐደለው የሚባለው ሳያስፈልግ የመጣ፥ ሊወገድ የሚቻል፥ ኅሊናም የማይቀበለው ሲሆን ነው።

ይህን ለይቶ ለማወቅ አማካይ ቁጥር አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፥ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተፈጸሙት ወሊዶች ከመቶው 26ቱ በጤና ተቋም እንደ ነበሩ አስታወቀ፤ ቁጥሩ በየክልሉ ሲዘረዘር ግን አዲስ አበባ 97፥ አፋር 15 ሆነው ተገኙ። የሁለቱ ርቀት በመቀነስ ሲታይ 82፥ በማካፈል ሲታይ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱም ልኮች ያስፈልጋሉ፤ ለምሳሌ አንዱ ወገን ከ10 ወደ 20፥ ሌላው ከ40 ወደ 60 ቢያድግ፥ እጥፉ ከአራት ወደ ሦስት ሲወርድ ልዩነቱ ከ30 ወደ 40 ይሰፋልና፥ አንዱን ልክ ብቻ መርጦ የሚያቀርብ ጸሐፊ እንደ ፈቃዱ ሹሙን ሊያስደስት ወይም ሊያስደነግጥ ይችላል።

እንግዲህ «የጤና ርትዕ ክትትል» ማለት ሕዝቡን በሀብት፥ በትምህርት፥ በጾታና በመኖሪያ ስፍራ እየለዩ፥ በየጊዜውም እየመዘገቡ፥ ርቀቱ መጥበቡን ወይም መስፋቱን መመርመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸናው የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ ሕግ፥ ሊደረስበት የሚቻለውን ከፍተኛ ጤና ማግኘት በዘር፥ በሃይማኖት፥ በፖለቲካ እምነትና በኑሮ ደረጃ ሳይለይ የሰው ሁሉ መብት ነው ሲል የደነገገ ሲሆን፥ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 እንዲህ ተለይቶ የተዘረዘረውን የየአገሩን ቁጥር በአንድነት የሚያስገኝ የመረጃ ማከማቻ ከፍቷል። ነገር ግን ቁጥር ማንንም አያድንም፤ በጀት የሚደለድለው ሹም አዋላጆቹንና መድኃኒቱን አስቀድሞ ወዴት እንደሚልክ በሚወስንበት ሰዓት መዝገቡን ካላነበበ፥ ክትትሉ ድካም ብቻ ሆኖ ይቀራል።