ፊልም በቤት ማጠብ እንዴት ተቻለ

በሰፊ ዝርግ ፊልም ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ፊልሙን ወደ ቤቱ ወስዶ፥ መስኮቱን ጋርዶ፥ በመድኃኒት ሳሕን ውስጥ በዝግታ ያጥበዋል። ይህ ግን ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1851 ዓ.ም. ባወጣው ዘዴ፥ ኮሎዲዮን የተቀባው መስተዋት ሳይደርቅ ሥዕሉን ተቀብሎ መታጠብ ነበረበት፤ ስለዚህ አንሺው ወደ ሩቅ ስፍራ ሲሄድ የጨለማ ድንኳን ይዞ ይጓዝ ነበር። ሐኪሙ ሪቻርድ ሊች ማዶክስ የኤተሩ ትነት ጤናውን ስለ ጐዳው፥ በኮሎዲዮን ፈንታ ጄላቲንን ሞክሮ ውጤቱን በ1871 በጋዜጣ ገለጸ። ሌሎችም አሻሻሉት፤ ደርቆ የሚቈይ መስተዋት፥ ኋላም ፊልም ተገኘ። ሁለቱም ግኝታቸውን ለሁሉ በነጻ ሰጡ። አርቸር በ1857 በድህነት ሞተ፤ ማዶክስም በእርጅናው በሰዎች መዋጮ ተረዳ። ዕውቀት ሲሰጥ ይበዛል፤ ሰጪውን ማሰብ ግን የተቀባዩ ዕዳ ነው።