የኛ (የሙዚቃ ቡድን)

የኛ በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተ የአምስት ወጣት ሴቶች የሙዚቃና የድራማ ቡድን ነበር። ያቋቋመው ገርል ኸብ ኢትዮጵያ የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ አባላቱ ጠረፍ ካሳሁን፣ ለምለም ኃይለሚካኤል፣ ዘቢባ ግርማ፣ እየሩሳሌም ቀለመወርቅና ራሄል ጌቱ ነበሩ። እንደ አንዳንድ የውጭ አገር የሴት ቡድኖች በቴሌቪዥን ውድድር አልተሰባሰቡም፤ መድረካቸው የራዲዮ ድራማ ነበር። ድራማው በአዲስ አበባ በሸገር ኤፍ ኤም፣ በአማራ ክልል ደግሞ በክልሉ ራዲዮ ተላልፏል። ኑሯቸው ለየቅል የሆነ አምስት ልጃገረዶች በሙዚቃ ይገናኛሉ፤ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ጥቃት፣ ከትምህርት መቅረት በጓዳ ከመንሾካሾክ ወጥተው በዘፈን ይነገራሉ።

ከሥራዎቻቸው ለጎንደር እጅግ የሚቀርበው «ጣይቱ» የተሰኘው ዘፈን ነው። አብራቸው የተጫወተችው አስቴር አወቀ ትውልዷ ጎንደር ነው፤ ዘፈኑ በስማቸው የተጠራው የእቴጌ ጣይቱ የአባት ዘርም ከጎንደር አጠገብ ካለው ከስሜን ገዢዎች ይመዘዛል። አንጋፋዋ ከጀማሪዎቹ ጋር መቆሟ ለቡድኑ ትልቅ ክብር ነበር።

የእንግሊዝ መንግሥት ለፕሮጀክቱ ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ በ2009 ዓ.ም. አቋረጠ። «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ወጪውን የነቀፉት የለንደን ጋዜጦች ለሥራው ተገቢውን ግምት አልሰጡም። ራሄል ጌቱ በኋላ «እቴሜቴ» የተሰኘ የራሷን አልበም አውጥታለች።