የትሬንታ ኳትሮ ዝገት

ፊያት 634ኤን የተባለው የናፍጣ ጭነት መኪና በኢጣሊያ መመረት የጀመረው በ1931 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከ1935ቱ ወረራ ጋር ወደ አፍሪካ ቀንድ ገባ። ወራሪው ከተባረረ በኋላም «ትሬንታ ኳትሮ» በሚል ስም የአገሬውን ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል።

ከምጽዋ ወደብ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት አስመራ የሚመላለስ መኪና ከጨዋማው የባሕር አየር አያመልጥም። ጨውና እርጥበት ተባብረው ፓራፋንጎውን ይበሉታል፤ ማርሚታውም ሙቀቱ ቀለሙን ስለሚያቃጥለው ፈጥኖ ይዝጋል። የእንጨቱ ካሶኒ ግን ይነጣል፣ ይሰነጠቃል እንጂ አይዝግም።

እንዲህ ያሉ መኪኖችን በአነስተኛ ሞዴል ሠርተው የሚቀቡ ባለሙያዎች ያንኑ ጨው መሣሪያቸው አድርገውታል። ገላውን አስቀድመው የዝገት ቀለም ይቀቡታል፤ ከዚያም በውኃ አርጥበው ጨው ይነሰንሱበታል። ሲደርቅ ዋናውን ቀለም ይነፉበታል። ጨው ሲራገፍ ከሥሩ ዝገቱ ይገለጣል።

ሆኖም ከዘዴው ይልቅ የሚከብደው የዝገቱን ቦታ ማወቅ ነው። ሹፌሩ ዕለት ዕለት የሚረግጠው መወጣጫ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ያብረቀርቃል፤ የሚዝገው እግር ሲርቀው ነው። በዚያ ላይ ዝገት የቀባ ሰው፣ ሲሠራ የኖረውን መኪና ሳያውቀው እንደ ተጣለ አድርጎ ታሪኩን ለውጦታል።