የዳቦው ቀን፦ የመርከበኞች ኑሮ በዓባይ ዳሃቢያዎች ላይ



የዛሬውን ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ የኪራይ ውል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከካይሮ ተነሥቶ ዓባይን ሽቅብ ለመጓዝ የፈለገ አውሮፓዊ ባለጸጋ፣ ዳሃቢያ የምትባለውን ባለሸራ መርከብ ከነመርከበኞቿ ለወራት ይከራይ ነበር። በውሉ ውስጥ ለተከራዩ ምንም የማይፈይድ የሚመስል አንቀጽ ይገኛል። መርከቧ አስዩጥና እስና ስትደርስ፣ ነፋሱ የቱንም ያህል ቢመች፣ መርከበኞቹ ዳቦ እንዲጋግሩ አንድ ቀን ትቆማለች።

ስለ ዳሃቢያ የምናውቀው በአብዛኛው የተገኘው ከመንገደኞች ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1849 እና በ1850፣ አሚሊያ ኤድዋርድስ ደግሞ በ1873 እና በ1874 ተጉዘው ያዩትን ጽፈዋል። ስለ ፍርስራሾች፣ ስለ ፀሐይ መጥለቅ፣ ስለ ራሳቸውም ብዙ ብለዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ የሽርሽር ጽሑፎች፣ ጸሐፊዎቻቸው ባያስቡትም፣ የሠራተኛ ታሪክ ምንጮች ናቸው ብዬ እከራከራለሁ። እንዲህ ያደረጋቸው የመርከቧ አሠራር ነው።

ኤድዋርድስ የተሳፈረችባት «ፊሌ» 30 ሜትር ያህል ርዝመትና 6 ሜትር ያህል ወርድ ነበራት። ከኋላ የመንገደኞቹ ሳሎንና መኝታ ክፍሎች፣ ከበላያቸውም ምንጣፍና ወንበር የተዘረጋበት ሰገነት ነበር። ከፊት ያለው ክፍት ወለል የመርከበኞቹ ነው። ቀን ይሠሩበታል፤ ሌሊት ካባቸውን ተከናንበው ይተኙበታል። ካፒቴኑን ረኢስ ሐሰንን፣ መሪ ያዡን፣ አስተርጓሚውንና ምግብ አብሳዮቹን ጨምሮ ሠራተኞቹ ሃያ ያህል ነበሩ። ሃያ ሰው በአንድ መርከብ ላይ ለወራት ሲኖር ከዐይን መሰወር አይችልም። ኤድዋርድስም ቢሆን ፈርዖኖችን ፍለጋ መጥታ መርከበኞች ምን እንደሚበሉ ጻፈች።

የሚበሉት ያንኑ ዳቦ ነበር። ከተጋገረ በኋላ ተቆራርጦ በፀሐይ ይደርቅና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሲበላ በሙቅ ውኃ ይርሳል፤ ዘይት፣ ጨውና በርበሬ ገብቶበት ከተቀቀለ ምስር ጋር ይማሰላል። በድርቆሽ ሩቅ መንገድ ለተጓዘ ሕዝብ ነገሩ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። እንግዲህ የውሉ አንቀጽ ለቅንጦት የገባ አልነበረም። በአስዩጥ ያልተጋገረ ዳቦ በሚቀጥለው ሳምንት ቀዛፊ ክንድ አይሆንም።

ሥራውም እንደ ነፋሱ ነው። ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ መርከቧን ሽቅብ ይገፋታል፤ ሲያቆም መርከበኞቹ ወደ ዳር ወርደው በገመድ ይጎትቷታል። ደለል ሲይዛት ውኃ ውስጥ ገብተው በትከሻቸው ያላቅቋታል። (የዚያ ደለል አብዛኛው በክረምት ጎርፍ ከእኛ ደጋ የወረደ ነው፤ የጉዞው ወቅትም የሚከፈተው ጎርፉ ሲጎድል ነበር።) በመልስ ጉዞ ረጅሙ የሸራ ግንድ ይወርድና፣ ወንዙ ወደሚሄድበት፣ ነፋሱ ግን ወደሚከለክለው አቅጣጫ ቀዘፋ ይጀመራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ በአቡ ሲምበል የሆነው ነው። ቀደም ሲል የአንዱ ግዙፍ ሐውልት ፊት ቅጂ በተወሰደበት ጊዜ ነጭ ጄሶ ተጣብቆበት ቀርቶ ነበር። ኤድዋርድስ መርከበኞቹ በመቅዘፊያና በግንድ መወጣጫ ሠርተው ጄሶውን እንዲፈቀፍቁ አደረገች፤ ያልለቀቀውን ንጣት ደግሞ በቡና ቀቡት። ታሪኩን በፈገግታ ትነግረናለች። እኛ የምናነበው ግን ሌላም አለ። ለመቅዘፍ የተቀጠሩ ሰዎች ወደ ሐውልት ጥገና ተዛውረዋል። ይህ በውላቸው ነበረ ወይ? ምን ተሰማቸው? ገጹ አይመልስም። ይህችው ሴት በ1882 የግብፅ ቁፋሮ ፈንድን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች። ስለዚህ ጥያቄው በአንድ መርከብ ጉዞ ብቻ የሚያበቃ አይደለም።

ዝምታው ከዘመኑ የመጣ ነው፣ አውሮፓዊ መንገደኛ ከዚያ በላይ ሊያይ አይችልም ነበር የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሉሲ ደፍ ጎርደን ለሕመሟ ሞቃት አየር ፍለጋ መጥታ እስከ ሞተችበት እስከ 1869 ድረስ አብዛኛውን ጊዜ በሉክሶር ኖራለች። ዐረብኛ ተማረች፤ በ1865 በታተሙት ደብዳቤዎቿም የግብፅ ገበሬዎች ለግዴታ ሥራ ከየመንደራቸው ሲታፈሱ፣ ከብቶቻቸው ሲወሰዱ ያየችውን መዘገበች። መርከበኞቹም የእነዚያው መንደሮች ልጆች ነበሩ። ማየት ይቻል ነበር ማለት ነው።

በዚያው በ1869 ቶማስ ኩክ የመጀመሪያዎቹን አስጎብኚ ቡድኖቹን በሁለት የተከራዩ የእንፋሎት መርከቦች ዓባይን ሽቅብ ወሰደ። ዳሃቢያዎች ወዲያውኑ ባይጠፉም፣ ከዚያ ወዲህ የብዙ መንገደኛ ውል ከካፒቴን ጋር መሆኑ ቀርቶ ከድርጅት ጋር ሆነ። ትኬት የቆረጠ ሰው ነፋስ አይጠብቅም፤ ከረኢስ ጋር አይከራከርም፤ ስለ አስዩጥ ምድጃም የሚያውቅበት ምክንያት የለውም። ከእንፋሎት ዘመን የተጻፉትን የጉዞ መጻሕፍት ስታነቡ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ቆሞ ከሰል የሚያጎርሰው ሰው ምን እንደሚበላ ፈልጉ።